ከኪራዩ የቤቱ ድርሻ ስንት ነው?

የታይዋን አከራዮች፣ «ድንገተኛ» የሚባለው ጥገና፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ

ድሬዳዋ ታይዋን ገብቶ ዋጋ ሳይከራከር የሚወጣ ገዢ የለም። የጨርቁ፣ የጫማው፣ የሽቶውና የስልኩ ዋጋ ከሱቅ ሱቅ በጥቂት ብር ልዩነት ይታወቃል። ነጋዴውም ዕቃውን በስንት እንዳስገባ፣ ለጭነት ስንት እንዳወጣና በስንት ቢሸጥ እንደሚያዋጣው ወረቀት ሳያወጣ ያሰላል። በዚህ ገበያ ሒሳቡ በግምት የሚሠራ አንድ ነገር ቢኖር ዕቃው የተደረደረበት ቤት ነው። ግቢውን በሱቅና በክፍል ከፋፍሎ የሚያከራይ ባለቤት በወር ስንት እንደሚቀበል ጠንቅቆ ያውቃል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ የእርሱ፣ ስንቱ የቤቱ እንደሆነ የሚለየው ግን ጥቂቱ ነው።

ሁሉም ነገር ደህና እስከሆነ ድረስ ይህ አለመለየት አይታወቅም። የውሃ ፓምፑ የተቃጠለ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የሞላ ወይም አንድ ተከራይ የሦስት ወር የመብራት ዕዳ ጥሎ የለቀቀ ዕለት ግን ጉዳዩ ይወጣል። ያን ጊዜ ኪራዩ ለልጆች ትምህርት ቤት፣ ለቀለብና ለዕቁብ ተከፋፍሎ አልቋል። ባለቤቱ ወይ ከዘመድ ይበደራል፣ ወይ ከሱቁ ተከራይ የብዙ ወር ቅድሚያ ይጠይቃል፣ ወይ ጥገናውን ለሌላ ጊዜ ያቆየዋል። መበደር ወለድ ባይኖረው እንኳ ፊት ያስከፍላል። ቅድሚያ መጠየቅ የሚቀጥለውን ዓመት ገቢ ዛሬ መብላት ነው። ጥገናውን ማቆየት ደግሞ ከሦስቱ ይበልጥ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ያለው ባለሀብት ሒሳብ ሠራተኛና የጥገና ሠራተኛ ይቀጥራል። ሁለት ሱቅና ሦስት ክፍል የሚያከራይ ጡረተኛ ወይም ባሏ የሞተባት እናት ግን ሒሳብ ሠራተኛውም፣ ጥገና ኃላፊውም፣ ገንዘብ ሰብሳቢውም ራሳቸው ናቸው። ኪራዩ ለእነርሱ የወር ቀለብ እንጂ ትርፍ ገቢ አይደለም። አንድ ያልተጠበቀ ጥገና የሦስትና የአራት ወር ቀለብ የሚያናጋውም በዚህ ምክንያት ነው።

በአከራይነት ሥራ ውስጥ በእርግጥ ድንገተኛ የሆነ ወጪ እጅግ ጥቂት ነው። ፓምፕ ይቃጠላል፣ ጉድጓድ ይሞላል፣ ቆርቆሮ ይበሰብሳል፣ ተከራይ ይለቃል። ይህን የማያውቅ አከራይ የለም። የማይታወቀው ቀኑ ብቻ ነው። ቀኑ ያልታወቀ ዕዳ ደግሞ በየወሩ ሊጠራቀምለት ይገባል።

የድሬ ውሃ፣ የድሬ ሙቀት፣ የድሬ ጎርፍ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። ከተማዋን የቆረቆራት የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ከቦታው ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አስቸጋሪ በመሆኑ ነበር እዚሁ የከተመው። ቆላነቷ ለንግድ መተላለፊያነት ቢመችም ለቤት ዕቃ ግን አይመችም። ይህንን ያላገናዘበ አከራይ በአዲስ አበባ የጥገና ልማድ ድሬ ላይ ሒሳብ ቢሠራ ይሳሳታል።

በመጀመሪያ ውሃው ነው። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ በመሆኑ ጨው የበዛበት፣ ከባድ ውሃ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተውን የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ ያቆመው የአካባቢው ኖራ ድንጋይ፣ በሻይ ማንቆርቆሪያ ታች ነጭ ቅርፊት ሆኖ የሚታየው ያው ነው። ያ ቅርፊት በቧንቧ ውስጥም ይጋገራል። ቀስ በቀስ መተላለፊያውን ያጠበዋል፣ ሳራቺኔስካው እንዳይዘጋ ያደርገዋል፣ የውሃ ማሞቂያውን ብረት ይሸፍነዋል፣ ፓምፑም ከአቅሙ በላይ እንዲሠራ ያስገድደዋል። ተከራዩ «ውሃ ቀጠነ» ብሎ ሲያመለክት ብዙ አከራይ ጥፋቱን በመሥመር ውሃ ላይ ያሳብባል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ አንዳንዴ ግን ጉዳቱ ከቆጣሪው ወዲህ፣ በራሱ ግቢ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ሮቶውን ጣሪያ ላይ ፀሐይ ይመታዋል፣ የፕላስቲክ ቧንቧ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ ቶሎ ይጃጃል። ቬንትሌተሩና ፍሪጁ ከጠዋት እስከ ሌሊት ይሠራሉ። አሮጌ ቤት ውስጥ ለሁለት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ተብሎ በተዘረጋ ገመድ ላይ ፍሪጅ፣ ምጣድ፣ ቬንትሌተርና የስልክ መሙያ አብረው ይሰካሉ። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወድቅ በወፍራም ሽቦ የሚያስሩት አሉ። ይህ ጥገና ሳይሆን እሳት መጋበዝ ነው።

የእሳት ነገር ለገበያ ሰፈር ተራ ጉዳይ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ሱቆች ተጠጋግተው በተሠሩበት ቦታ እሳት ምን ያህል እንደሚፈጥን ለሀገር ሁሉ አሳይቷል። ታይዋንም ሱቅ ከሱቅ ተደጋግፎ የቆመባት፣ ጨርቅና ፕላስቲክ እስከ ጣሪያ የተቆለለባት ሰፈር ናት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር እዚህ ላይ ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው። ያረጀ ገመድ የሚለወጠው ከመቃጠሉ በፊት ነው።

ሦስተኛው ጎርፉ ነው። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሲመጣ ግን ከምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ወርዶ በሌሊት ይመጣል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋን ዳግም አጥቅቷል። ለአከራይ ትምህርቱ ክረምት ሳይገባ የሚሠራ ሥራ እንዳለ ነው። የግቢው ውሃ መውረጃ ይጠረጋል፣ የጣሪያው አሸንዳ ይጸዳል፣ የሱቁ ደፍ ከመንገዱ ከፍ ማለቱ ይታያል፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በሰኔ ይመጠጣል። በሐምሌ የሞላ ጉድጓድ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ ወደ ተከራይ ክፍል ሲገባ፣ ወጪው ከመምጠጫ መኪናው ኪራይ አልፎ የተበላሸው ዕቃ ካሣና የተከራዩ መልቀቅ ይሆናል።

በእነዚህ ላይ የዋጋው ነገር ይጨመራል። ፓምፑ፣ ገመዱ፣ ብሬከሩና የቧንቧ መገጣጠሚያው አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር ገደማ ላይ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ይህን የታይዋን ነጋዴ ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። የሱቁ ባለቤት ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሰው ከብዙ ዓመት በፊት ፓምፑን የገዛበትን ዋጋ ነው። ለጥገና የሚጠራቀም ገንዘብ መሰላት ያለበት ዕቃው ዛሬ ቢገዛ በሚያወጣው ዋጋ ነው።

አንድ ቆጣሪ፣ አራት ተከራይ

ከጥገና ቀጥሎ አከራይና ተከራይን የሚያጣላው የመብራትና የውሃ ሒሳብ ነው። የጠቡ ሥር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ለብዙ ሰው አንድ ቆጣሪ።

የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው ታሪፍ ደረጃዎቹ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ከ51 እስከ 100፣ ከ101 እስከ 200 እያሉ ከ500 በላይ እስከሚለው ይወጣሉ። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። አሁን አራት ተከራዮች በየግላቸው በወር 80 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማሉ እንበል። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም በሁለተኛው ደረጃ ላይ ናቸው። በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ግን ድምሩ 320 ስለሚሆን ሒሳቡ አምስተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። አንድም ሰው ሳያባክን ሒሳቡ ይወፍራል። ተከራዮቹ ባለቤቱ የጨመረባቸው ይመስላቸዋል፤ ባለቤቱም አንዱ ተከራይ በሥውር ምጣድ የሰካ ይመስለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ በአራት ዓመት የሚጠናቀቅ አዲስ የታሪፍ ማስተካከያ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ «መብራትና ውሃን ጨምሮ» ተብሎ በቁርጥ የተከራየ ክፍል፣ ኪራዩ ባለበት ቆሞ ሒሳቡ በየሩብ ዓመቱ የሚያድግበት ውል ሆኗል ማለት ነው። ጭማሪውን ማንም ሳያስተውለው የሚበላው የባለቤቱ ድርሻ ነው።

መፍትሔው ሦስት ደረጃ አለው። የተሻለው ለየሱቁና ለየክፍሉ ከአገልግሎት ሰጪው የተለየ ቆጣሪ ማስገባት ነው። በተለይ የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ተከራዩ አስቀድሞ ከፍሎ ስለሚጠቀም ዕዳ ጥሎ አይሄድም። ይህ ካልተቻለ ከዋናው ቆጣሪ ወዲህ ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስገጠምና የወሩን ሒሳብ በንባቡ ልክ ማካፈል ነው። ሦስተኛውና ዝቅተኛው፣ ሒሳቡ በምን ቀመር እንደሚካፈል በውሉ ላይ መጻፍ ነው። በሰው ቁጥር ነው? በክፍል ነው? ፍሪጅ ያለው የሚጨምረው ስንት ነው? ያልተጻፈ ቀመር በየወሩ አዲስ ድርድር ነው። ለሱቅና ለመኖሪያ የሚከፈለው ታሪፍ የተለያየ በመሆኑ ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ የሆነ ግቢ ሁለቱን በአንድ ቆጣሪ ማቀላቀል የለበትም።

የውሃው ጉዳይ ከዚህ ይቀላል፤ ግን እያሳሳቀ የሚወስድ ነው። በደቂቃ ሩብ ሊትር ብቻ የሚያፈስ ቧንቧ በቀን 360 ሊትር፣ በወር 10,800 ሊትር ወይም ወደ 11 ሜትር ኩብ ያባክናል። ይህን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ማታ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ፣ ሮቶው ከሞላ በኋላ የቆጣሪው ቁጥር ይጻፋል፤ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይከፍት ይታያል። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ መሬት ውስጥ ወይም ሽንት ቤት ውስጥ የሚፈስ አለ። በወር አንድ ቀን ይህን የሚያደርግ አከራይ ትልቁን ሒሳብ ሳይመጣ ያስቀረዋል።

መዘንጋት የሌለበት ሌላ ነጥብ አለ። ቆጣሪው በባለቤቱ ስም እስከሆነ ድረስ የለቀቀው ተከራይ ዕዳ የቤቱ ዕዳ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ከመመለሱና መያዣ ከመለቀቁ በፊት የመጨረሻው ንባብ በሁለቱም ፊት ተወስዶ ይፈረምበት።

ሕጉ ጥገናውን እንዴት ያካፍለዋል?

ብዙ አከራይና ተከራይ «ጥገናው የማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ሽማግሌ ይሰበስባሉ። መልሱ ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ከተቀመጠ ቆይቷል። በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በበር፣ በመስኮት፣ በወለል፣ በንጣፍ፣ በውሃ ቧንቧና በመክፈቻው ላይ የሚያስፈልጉ ጥገናዎች የተከራዩ ናቸው። ብልሽቱ የመጣው በእርጅና ብቻ ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ከሆነ ግን ተከራዩ አይጠየቅም። ጉድጓድ ማጽዳትና ሽንት ቤት ማስመጠጥም የአከራዩ ነው። በአጭሩ፣ በመጠቀም የተሰበረው የተከራይ፣ በዕድሜ የተሰበረው የባለቤት ነው።

ይህ አከፋፈል ለድሬ ሁኔታ ሲመነዘር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በኖራ ቅርፊት የተደፈነ ቧንቧ ጥፋቱ የማን ነው? ተከራዩ አላበላሸውም፤ ዕድሜና ውሃው ናቸው። እንዲህ ያለው ወደ ባለቤቱ ያጋድላል። ሱቁ ውስጥ ሦስት ማቀዝቀዣ ጨምሮ ገመዱን ያቃጠለ ተከራይ ግን በእርጅና ሊያመካኝ አይችልም። ውል ሲጻፍ እነዚህን ሁለት ምሳሌዎች ብቻ እንኳ በስም ጠቅሶ ማስፈር ብዙ ጠብ ያስቀራል።

የመኖሪያ ክፍል የሚያከራይ ሰው ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ማወቅ አለበት። በአዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ የኪራይ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ነው። የዚህ ትርጉም ለጥገና ወጪ ትልቅ ነው። ቀድሞ ፓምፕ የተቃጠለበት አከራይ በሚቀጥለው ወር ኪራይ ጨምሮ ወጪውን ይመልስ ነበር፤ ወይም የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብሎ ጣሪያ ያድስ ነበር። ለመኖሪያ ቤት እነዚህ ሁለት በሮች ተዘግተዋል። ስለዚህ የጥገናው ድርሻ ውሉ ሲፈረም፣ በመጀመሪያው ቀን ኪራዩ ውስጥ መታሰብ ይኖርበታል።

የንግድ ሱቅ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ የሚገዛው ውሉና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ሱቅ የሚያከራይ ሰፊ ነፃነት አለው ማለት ነው። ሰፊ ነፃነት ያለው ሰው ደግሞ ውሉን አስፍቶ ሊጽፍ ይገባዋል።

ኪራዩ ጥገናውን ካልቻለ

ጥገናን ያላሰበ ኪራይ የት እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የቀበሌ ቤቶችን ማየት ይበቃል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ለአነስተኛ ኪራዮችም ቅናሽ ተደረገ። ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት እዚያው ቆመ፤ ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮውና የሠራተኛው ጉልበት ግን አልቆሙም። ውጤቱ በድሬዳዋም፣ በአዲስ አበባም፣ በየከተማው ይታያል። ተከራዩ በርካሽ ኖሯል፤ ቤቱ ግን ከላዩ ላይ አልቋል።

ያ ታሪክ የመንግሥት ቤት ታሪክ ብቻ ተደርጎ ይነገራል። ነገር ግን ኪራዩን ሙሉ በሙሉ የሚበላ የግል ባለቤትም በራሱ ፈቃድ ያንኑ እየደገመ ነው። ልዩነቱ የቀበሌው ቤት በርካሽ ኪራይ መፍረሱ፣ የእርሱ ቤት ደግሞ በውድ ኪራይ መፍረሱ ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ

የሚከተለው ስሌት ለአሠራር ማሳያ እንዲሆን የተወሰደ ነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። አንባቢ የራሱን ቁጥር ይተካበት።

አንድ ባለቤት አንድ ሱቅ በ15,000 ብር፣ ሦስት ክፍሎች ደግሞ እያንዳንዳቸውን በ4,000 ብር ያከራያል እንበል። በወር 27,000፣ በዓመት 324,000 ብር ይሆናል። አሁን የቤቱ ዕዳ በዓመት ሲከፋፈል፦

ፓምፕ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ በ24,000 ብር ቢለወጥ በዓመት 6,000 ብር።
ጉድጓድ በዓመት ሁለት ጊዜ በ6,000 ብር ቢመጠጥ 12,000 ብር።
ቀለም፣ በርና ቧንቧ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ በ54,000 ብር ቢታደስ በዓመት 18,000 ብር።
የጣሪያ ቆርቆሮ በ15 ዓመት አንድ ጊዜ በ180,000 ብር ቢለወጥ በዓመት 12,000 ብር።
የኤሌክትሪክ መሥመር በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ በ120,000 ብር ቢታደስ በዓመት 12,000 ብር።
ሱቁ በሁለት ዓመት አንድ ወር ባዶ ቢሆን በዓመት 7,500 ብር።
ሦስቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው በዓመት ግማሽ ወር ባዶ ቢሆኑ 6,000 ብር።

ድምሩ በዓመት 73,500፣ በወር 6,125 ብር ነው። ከ100 ብር ኪራይ 23 ብር ያህል የቤቱ ነው ማለት ነው። ሩብ ለመሆን ጥቂት ይቀረዋል። ባለቤቱ ግብር ሳይከፍል በፊት እንኳ ሊኖርበት የሚችለው 27,000 ሳይሆን 20,875 ብር ነው። ኑሮውን በ27,000 የመሠረተ ሰው በየወሩ 6,125 ብር ከቤቱ እየተበደረ ይኖራል። ብድሩ የሚጠየቀው ደግሞ በአንድ ቀን ነው። ፓምፑና የኤሌክትሪክ መሥመሩ በአንድ ዓመት ቢገጣጠሙ 144,000 ብር ይደርሳሉ፤ ይህ ከአምስት ወር ሙሉ ኪራይ ይበልጣል።

የግብር ሕጉም ይህንን ድርሻ ያውቀዋል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ ከጠቅላላ ኪራዩ አንድ አምስተኛውን ለጥገና፣ ለዕድሳትና ለእርጅና ብሎ ከግብር ነፃ አድርጎለት ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ ይህን ወደ 50 በመቶ ከፍ አደረገው። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለ በመሆኑ የዓመቱን ስሌት ከገቢዎች ቢሮ ማረጋገጥ ይገባል። ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ሕግ አውጪው የኪራዩን አንድ ክፍል «ይህ የቤቱ ነው» ብሎ ሲለይ፣ ባለቤቱ ያንኑ ገንዘብ እንደ ገቢ ቆጥሮ ከበላው ጥፋቱ የራሱ ነው።

በታይዋን የተለመደ አንድ አሠራርም ከግብር አንፃር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተከራዩ ሱቁን በራሱ ወጪ ያድስና ወጪው ከኪራዩ ይታሰብለታል፣ ወይም ዕድሳቱ በውሉ ላይ ግዴታው ይሆናል። በሕጉ እይታ ተከራይ በውል መሠረት ስለ አከራዩ የከፈለው ክፍያና በቤቱ ላይ ያደረገው ማሻሻያ የኪራይ ገቢ አካል ሆኖ ይቆጠራል። ብር በእጅ ስላልተቀበሉ ገቢ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ዕድሳቱ በዋጋ ተተምኖ፣ ደረሰኙ ተይዞ፣ በስንት ወር እንደሚታሰብ ተጽፎ ይቀመጥ።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

የጥገና ገንዘብ ከቀለብ ገንዘብ ጋር በአንድ ኪስ ከተቀመጠ የጥገና መሆኑ ይቀራል። ቀላሉ መንገድ ሁለተኛ የባንክ ደብተር ከፍቶ ኪራይ በገባ ዕለት፣ ሌላ ወጪ ሳይነካው፣ ድርሻውን ማዛወር ነው። ኪራይ በባንክ በኩል የሚቀበል ሰው ይህን በስልኩ በሁለት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ዕቁብም የራሱ ቦታ አለው። በአንድ መሥመር ላይ ያሉ አከራዮች የጥገና ዕቁብ ቢመሠርቱ፣ ዕጣው ለደረሰው ጣሪያ ወይም ገመድ የሚለውጥበት ጠቀም ያለ ገንዘብ ይሰጠዋል። ደንቡ ላይ «ድንገት ለደረሰበት ይቅደም» የሚል አንቀጽ ከገባ ደግሞ ዕቁቡ እንደ ዕድር ያገለግላል። የዋጋ ንረት ባለበት ዘመን ብር ብቻ ማጠራቀም ስለማያዋጣ፣ ከገንዘቡ ጥቂቱን በዕቃ መያዝ ይመከራል። የማይበላሹ የቧንቧ መገጣጠሚያዎች፣ ሳራቺኔስካ፣ ብሬከርና ሶኬት በካርቶን ውስጥ ቢቀመጡ፣ ዕሑድ ማታ ቧንቧ ሲፈነዳ ሱቅ እስኪከፈት መጠበቅ አይኖርም።

ከዚህ ሌላ የታወቀ ቧንቧ ሠራተኛና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መያዝ ራሱ ቁጠባ ነው። በብልሽት ዕለት የሚፈለግ ሠራተኛ በጭንቀትዎ ልክ ዋጋ ይጠራል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ክረምት ሳይገባ፣ አንዴ ደግሞ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ቤቱን የሚያይ ሠራተኛ ግን ስንጥቁን ሳይሰፋ ያገኘዋል። የእሳት ኢንሹራንስ የሚገባ ሰውም ውሉ ጎርፍን ይሸፍን እንደሆነ ለይቶ ይጠይቅ፤ እሳት ሲባል ጎርፍ አብሮ ገብቷል ማለት አይደለም።

ለገዢና ለደላላ

በታይዋንና በአካባቢዋ የሚከራይ ቤት ለመግዛት የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ «በወር ስንት ይገባል?» የሚለውን ነው። ደላላውም ያንኑ ይመልሳል፤ ዋጋውም በዚያው ይቆረጣል። ይህ ጥያቄ ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳየው። የሁለት ዓመት የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ይታይ። ያልተከፈለ ዕዳ መኖሩ በቆጣሪው ቁጥር ይጣራ። ቆጣሪዎቹ ስንት ናቸው? በማን ስም ናቸው? ገመዱ መቼ ተዘረጋ? ጣሪያው መቼ ተለወጠ? ጉድጓዱ የት ነው፣ መኪና ይደርስበታል? በክረምት ውሃው በየት ይወርዳል? የሚሉት ይጠየቁ። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ፣ በእኩል ኪራይ የተከራዩ ሁለት ሱቆች በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘኑ የዋጋ ልዩነታቸው ትልቅ ሊሆን ይችላል።

ይህን ጠይቆ የሚያቀርብ ደላላ ለጊዜው አንዳንድ ሽያጭ ሊዘገይበት ይችላል። በምትኩ የሚያገኘው ግን በድሬ ገበያ ከኮሚሽን የሚበልጠውን ስም ነው።

ነጋዴ ከሸጠው ዕቃ ዋናውን ለይቶ ሳያስቀምጥ ትርፉን አይበላም፤ ዋናውን የበላ ነጋዴ ሱቁን እንደሚዘጋ ታይዋን ውስጥ ልጅም ያውቀዋል። የአከራይ ዋናው ቤቱ ነው። ከኪራዩ የቤቱ ድርሻ ከወጣ በኋላ የቀረው ብቻ ትርፍ ይባላል።